የማይሰበር ሰሐን

ሌዋርደን ከተማ፣ እቃ ሱቅ በገባን ጠዋት፣
ሂስኬ ከቦርሳዋ አወጣች ሚዛን የወጥ ቤት።
ሰሐኑን እያነሳች አንድ በአንድ መዘነች፤
ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈች፣ ደመረች፣ ቀነሰች።
ሻጩ ጎረምሳ ሳቁን በመዳፉ ጋረደ፤
የኔ ፊት በሀፍረት ከነጆሮዬ ነደደ።

«ካራቫኑ» አለች «የጭነት ልክ ተጽፎበታል፤
ከዚያ አንድ ኪሎ ቢያልፍ ፖሊስ ያስቆመናል።
አንተ ደግሞ» አለችኝ፣ ሆዴን ገርመም አድርጋ፣
«ሁለት ኪሎ ጨመርህ ካምና እስከ ዘንድሮ በጋ።
ባል አይለወጥ ነገር፣ ይቅለል እንግዲህ ሰሐኑ።»
ልጁ አሁንስ ሳቀ፤ እንባ ፈሰሰ ካይኑ።

የድሮው እቃችን ሸክላ ነበር፣ የእናቴ፣
ሰማያዊ መርከብ የተሳለበት፣ የገባ ከነሙሽራዬ ቤቴ።
ያኔ አሥራ ሁለት ነበር፤ ዛሬ የቀረው ሦስት፤
ሌላው በየመንገዱ ተዘራ በሠላሳ ዓመት።
አንዱ አርደን ዳገት ላይ፣ ቁምሳጥኑ ሲከፈት፤
አምስቱ ዴንማርክ ስንሻገር፣ ጀልባዋን ማዕበል ሲመታት፤
ሁለቱን ፎክሊን ጣለች፣ ሦስት ዓመቷ ሳለች፤
ስብርባሪውን አይታ «ጨረቃ!» ብላ ጮኸች።
የመጨረሻውን እኔ ነኝ። ሞዝል ወንዝ ዳር፣ በቁጣ።
ምክንያቱን ዛሬ ብትጠይቁኝ አንድ ቃል ካፌ አይወጣ።
ሂስኬ ግን ታስታውሳለች፤ ጠርጋ ዝም አለች ያኔ፤
ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰሞን እቃ አጣቢው እኔ።

እና ቆመን መረጥን።
ቀለም የተቀባው ቆርቆሮ ከንፈር ይጠብሳል፤
ብረቱ ሹካ ሲነካው ጥርስ ያፋጫል፤
ወረቀቱ የነፋስ ነው፣ ከነምሳው ይበራል፤
ቀጭኑ ፕላስቲክ የትናንቱ ዓሣ ዛሬም ይሸታል።

በመጨረሻ ሜላሚን። ነጭ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣
ስምንቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ ሳይጋፋ የሚውል የተባለ።
ሻጩ አንዱን አንስቶ ወለሉ ላይ ለቀቀው፤
ነጠረ፣ ተሽከረከረ፣ ሂስኬ እግር ሥር ነው ያረፈው።
«አዩ? አይሰበርም፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አለ።
ሂስኬ ቆየት ብላ፣ «ሁለት ብቻውን የለም ያለ?»
«አራት አራት ነው» አላት፤ «ለቤተሰብ ነው የተሠራ።»
ፎክሊን ፐርዝ ናት፣ ከባሏና ከልጇ ጋራ።

አራቱን ከፈልን።

ዱሮ የምንሰፍርበት ሜዳ እንደደረስን፣
ቁምሳጥኑ ፊት እንቆም ነበር ትንፋሻችንን ውጠን።
አርባ ዓመት የቦይ ድልድይ ያነሳሁ፣ ያወረድኩ ሰው፣
ያችን ትንሽ በር ለመክፈት አንድ ቀን አልደፈርኩም፤ እሷ ናት የምትከፍተው፤
እኔ መዳፌን ዘርግቼ የሚወድቀውን ልቀልበው።

ዘንድሮ ስካገን ደረስን፤ ነፋሱ አሸዋ ያዘንባል፤
ሂስኬ በሩን ሳብ አደረገች፤ እጄ፣ ልማድ አይለቅ፣ ተዘርግቷል።
ምንም አልወደቀም።
«ምን ልትቀበል ነው?» አለች፤ ከመዳፌ እስከ ፊቴ አየችኝ፤
የሚቀለብ ሌላ ቢጠፋ፣ የራሷን እጅ አስያዘችኝ።

ማታ ቲማቲሙን ጠበስኩ፤ የጋለ መጥበሻ አነሳሁ፤
አዲሱ ሰሐን ላይ አሳረፍኩት፣ ሜላሚን መሆኑን ረሳሁ።
ጭስ። ሽታ። መሐሉ ላይ ቡናማ ቀለበት።
ሂስኬ ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ አዟዙራ አየችበት፤
ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ጣቷን ዙሪያውን አዞረች፤
«ስካገን» አለች፣ ለሕፃን ስም እንደምታወጣ ሆነች።

ሌሎቹ ሁለቱ ከነወረቀታቸው መሳቢያው ውስጥ አሉ፤
አራት መቶ ግራም ናቸው፤ ምንም ሳይሠሩ ይጓዛሉ።
«እነዚህስ ይቅሩ?» ብያት ነበር ከቤት ስንነሳ፤
«ሆድህን ቀንስ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከዝርዝሩ ሳታነሳ።