ወደ ቤት በመመለስ ላይ

ሃሉር እንዲህ አለኝ፦ «ዛሬስ አታብርሪው፤ ይቅር፤
ነፋሱ ከላይ አይደል፣ ከባሕር ነው፣ ከሥር።
ገደሉን ተደግፎ እንደ ጭስ ይወጣል፤
ከጫፉ ሲደርስ ግን ተገልብጦ ይመጣል።»

በፋሮ ደሴቶች ዛፍ እንኳ አይበቅልም፤
ነፋሱ አይፈቅድም።
ሰው ከመኪና ሲወርድ በሩን አጥብቆ ይይዛል፤
ያልያዘ ማጠፊያውን ጋራዥ ሄዶ ይገዛል።
እኔ ግን ከቶርስሃቭን የመጣሁ፣ የማርዩን እህት ልጅ፣
ስልኬን ነው ያየሁት፣ ቆሜ ከቤቱ ደጅ።
«መጠነኛ» ይላል።
መጠነኛ ነፋስ ማንን ምን ያደርጋል?

ግራ ጆሮዋ ስንጥቅ፣ ጠጉሯ እንደ ዝገት፣
የሃሉር በግ ጠፍታ ይኸው ሦስት ሌሊት።
ከገደሉ ወገብ፣ ሣር ካለበት እርከን፣
ወርዳ ቀርታ እንደሆን ድሮኑ እንዲያሳየን
አስነሣሁት። ሄደ፣ እንደ ንብ እያለ፤
ጫፉን ተሻገረ፣ ባሕሩ ላይ ዋለለ።
ከታች ጥቁር ድንጋይ፣ አረፋ የሚተፋ፤
በየስንጥቁ ወፍ፣ እንደ ገበያ ሰው የተጋፋ።
በጓ ግን የለችም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ በራ፦
«ኃይለኛ ነፋስ!» አለ፣ አሁን ገና ሊያስፈራራ።
መመለሻውን ስጫን ጽሑፉ ተለወጠ፤
«ወደ ቤት በመመለስ ላይ» ብሎ ተቀመጠ።
እውነትም ፊቱን አዞረ፤ መንገዱን ጀመረ።
ርቀቱ ግን፣ ቁጥሩ፣ ሲቀንስ አልነበረ፦
ሁለት መቶ አሥር።
ሁለት መቶ ሰባ።
ወደ ቤት በመመለስ ላይ።
ሦስት መቶ አርባ።
ፊቱ ወደ ቤቱ፣ እግሩ ወደ ሌላ፣
እንደሚጎትቱት ልጅ ሄደ ወደ ኋላ።

«ዝቅ አድርጊው!» አለኝ፣ ክንዴን አንቆ ይዞ፤
የኔ ጣት ግን ቀርቷል በብርድ ደንዝዞ።
ባትሪው አሥራ አንድ። ዘጠኝ። ስድስት። ሦስት።
ከዚያም ምስሉ ደርቆ ቀረ ባንድ ቅጽበት።
ባሕሩ ዝም ብሏል፤ የዋጠ አይመስልም።
ሃሉርም እንደ ሰው «ነግሬሽ ነበር» አላለም።

ባዶ ሣጥን ይዘን፣ ውሃ እየነጠብን፣
ጣራው ሣር ካበቀለ ከዚያ ቤት ገባን።
«ስንት ነበር ዋጋው?» ማርዩን ጠየቀችኝ፤
«ስድስት ሺህ ክሮነር።» ቢላዋ ይዛ አየችኝ።
«በጓ ሺህ አታወጣም» ብላ ድንች ላጠች፤
ልጣጩን እንደ ገመድ ሳትበጥስ መለጠች።

ማታ ስልኬ ላይ ግን የተረፈውን አየን፤
ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከሩቅ ተሥለን፦
ሁለት ሰው። ካንዱ ላይ ቢጫ ካፖርት አለ።
ሁለቱም ያንሳሉ። አንዱ እጁን ሰቀለ።
ከዚያ ሁለት ነጥብ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሣር።
ከዚያ ደሴቲቱ፣ ብቻዋን በባሕር።

ሃሉር መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፤
«መልሺው» አለና እንደገና ፈለገ።
ሦስት ጊዜ አየ። ከዚያም እንደ ዋዛ
ትሮንዱርን ጠራ፣ የጠፋውን ደብዛ፤
ታናሽ ወንድሙን፣ ወፍ ሊይዝ የወረደ፣
ከሃሉር መዳፍ ላይ ከነገመዱ የሄደ።

«እንዲህ ነው ያየኝ» አለ፣ «ከዚያ ሲመለከት፤
እጄን ዘርግቼ… እንዲህ እያነስኩበት።
እኔ የማስታውሰው የሱን መራቅ ነበር፤
ለካ በሱ ዓይን እኔም እርቅ ነበር።»

ማርዩን መብራቱን ዝቅ አድርጋ ወጣች።

በጓ በማግሥቱ፣ ማንም ሳይጠራት፣
መጣች፤ የድንች ልጣጭ ከአፏ ተንጠልጥሎባት።
ሃሉር አጥሩን ይዞ ሰማዩን ያያል፤
የኔ ስልክ ዛሬም «መጠነኛ» ይላል።