ሰባተኛው ደረጃ

ክላክስቪክ ወደብ ላይ ጭጋጉ ወርዶ ተራራውን ውጦታል፤
ራንቫ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ናት፤ ገና ዐሥር ይቀራታል።
አንዱ ጫማ በእጇ፣ አንዱ በእግሯ፣
የዓሣ ፋብሪካው ጨው በፀጉሯ።

«ደምሽ ጥሩ ነው» አሏት ሐኪሟ ዛሬ ጧት፣
«ቁስሉም ሽሯል፤ አንጀትሽ ሰላም ነው» አሏት።
ይሁን፣ ሰላም።
እሳቱስ ጠፍቷል፤ ቤቱ ግን የለም።

ሶልያ ከሥራ ገበታዋ፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣
«መልክሽ ተመለሰ!» አለቻት፣ ከልቧ፣ ጠጋ ብላ መጥታ።
መልክማ ተመልሷል። ፋሻ የለው፣ ምርኩዝ የለው፣
ይህን ድካም ማን አይቶት፣ ማንስ ይመነው?
ሆግኒም «ትንሽ ጋደም በይ» ይላታል፤ ደግ ሰው ነው።
ትናንት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝታ
ደክማ ነው የነቃችው።

የጎረቤት ልጅ፣ ባርዱር፣ ኳሱን አቅፎ ሲወርድ
አያትና ቆመ።
«ምን እየጠበቅሽ ነው?»
«ጉልበቴን። ከታች ቀርቶብኝ ነው።»

ልጁ ቁልቁል አየ። ጭጋግ ብቻ።
አልሳቀም።
ኳሱን በእግሮቹ መሀል አድርጎ
አጠገቧ ተቀመጠ፣
«እስኪመጣ» ብሎ።