ድልድዩ አራት ላይ ነበር

ደጀን ላይ፣ የማታ ክፍል፣ መብራት የሄደ ለት፣
መምህርት ያለምዘውድ በስልኳ ብርሃን ሳለች አንድ ቁልቁለት፤
ከግራ የሚወርድ፣ እታች የሚያርፍ፣ በቀኝ የሚወጣ።
«ግራፍ ነው» አለችን፤ እኔ ግን ሳየው ዓባይ ነው የመጣ።

ቀን ቀን ረዳት ነኝ፤ የደስያለው አይሱዙ ጤፍ ጭኖ ሲወርድ፣
ታኮ ይዤ የምዘል፣ ጎማው ሲጨስበት፣ ፍሬኑ ሲነድ።
ከደጀን በተነሣን በአራተኛው ሩብ ሰዓት ድልድዩን እንረግጣለን፣
በስምንተኛው ሩብ ጎሐ ጽዮን ወጥተን ሻይ እናዝዛለን።

«ከቅንፉ ውስጥ» አለች፣ «ኤክስን በሁለት ባባዛው፣
ስዕሉ ምን ይሆናል?»
«ይሰፋል!» አልኩ፤ ያባዙት ነገር አይቀር እንደዛው።

ሳቀች። ጠመኔዋን አነሣች፣
አራትን ይዛ ወደ ሁለት ጎተተች፣
ስምንትን አራት ላይ አቆመች፤
ቁመታቸውን ግን አልነካች።

ድልድዩ አራት ካልሰማ አይገለጥም። አሁን ሁለት ሹክ ስትለው፣
ቅንፉ ራሱ አጥፎ፣ አራት አድርጎ ነው የሚያቀብለው።
ጭነት ያጣን ለት ማለት ነው፤ ባዶው አይሱዙ በእጥፍ ሲከንፍ፣
ድልድዩ ፈጥኖ ይምጣ እንጂ፣ ከገደሉ ጥልቀት አንዲት ክንድ አትታጠፍ።

«ዜሮስ?» አለ ምንይችል ከኋላ ወንበር፣ እያዛጋ።
«ደጀን ናታ!» አልኩ ሳልጠራ። «ቢያባዟት፣ ቢያካፍሏት፣ አትሸሽ፣ አትጠጋ።»
ከዜሮ በስተግራ ያለውም፣ ጭነት የጠበቅንበት፣
እሱም ወደ ደጀን ሲሳብ አየሁት፤
ለካ መጠበቅም ያጥራል፣ አባዥ ካለበት።

ዘንድሮ የደስያለው ዓይን ደክሟል። ኤክስን ለሁለት ያካፍላል፤
ድልድዩ ስምንት ላይ ሄዷል፣ ሻዩ አሥራ ስድስት ላይ ይፈላል።
ከኋላ ሲኖትራክ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ፣ ሲሰድበን ሾፌሩ፣
እኔ ዝም። መንገዱ ተለጠጠ እንጂ፣ የኩርባው መች ጎደለ ቁጥሩ።
ዝንጀሮዎቹን በየመታጠፊያው በመልክ ለየሁ፣
በባዶ ስንከንፍ ያመለጠኝን የቁልቋል አበባ ቀስ ብዬ አየሁ።

ፈተናው መጣ፦ «አራት ላይ የነበረው ነጥብ የት ይሄዳል?»
«ድልድዩ ሁለት ላይ» ብዬ ጻፍኩ።
ግማሽ ሰጠችኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ቁመቱን አልጻፍክ።»

ልክ ናት። ቁመቱ አይለወጥም፤ ለዚህ ነው የረሳሁት፤
በደስያለው ቀኝ እግር ውስጥ ነው፣ ፍሬን ሲረግጥ ያየሁት።