ስሙን ያልነገረችኝ ቅጠል

እርሻዬ ከኤረር በር ወጥተው ቁልቁል ሲወርዱ ነው፣
ከዳር እስከ ዳር ጫት፤ ማሽላ ነበረ አባቴ የዘራው።
ማሽላ ያጠግባል እንጂ ቤት በቆርቆሮ አያለብስም፣
እኔም እንደ ሰዉ ነኝ፣ ቆርቆሮ አልጠላም።

ከጎረቤቴ ማሳ የሚለየኝ ድንበር ነበረ፣
ክንድ ተኩል ስፋቱ፣ ማረሻ ያልደፈረው፣ በድንጋይ የታጠረ፤
እሾሁ ከሐረግ፣ ሐረጉ ከቅጠል ተዛዝሎ የሚያድርበት፣
ግማሹ የሚያውድ፣ ግማሹ የሚለበልብ የነኩት ዕለት።
ለሁሉም አንድ ስም ነበረኝ፦
አረም።

አዴ ሐሊሞ ወፍ ሳይንጫጫ ትመጣ ነበር፣
ቅጠሉ እጇ እስኪገባ ከሰው ሳትነጋገር፤
ሰላም ስላት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጣል አድርጋ ታልፋለች፣
ከዚህ ሦስት ቀንበጥ፣ ከዚያ የሥር ልጣጭ ትቆነጥራለች፣
በሻሿ ጫፍ ቋጥራው ሽቅብ ትመለሳለች።
አንድ ቀን ከረፋዱ፣ "ምን ታገኚበታለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት፣
"አንተ ያጣኸውን" አለች፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሳቁላት።

በዓመቱ ጫት ተወደደ።
ክንድ ተኩል መሬት ስንት ዙርባ ይወጣዋል ስል ሌሊቱ ነጎደ።
ጠዋት በገጀራ መነጠርኩት፣ ሥሩን በመድኃኒት ረጨሁት፤
መርዙንም "መድኃኒት" ነው የምንለው እኛ፤ ያኔ ልብ አላልኩት።

በማግስቱ መጣች፣ ጎህ ሳይቀድ።
የዝምታዋ ሰዓት ነበርና ቃል አልወጣትም፣
አንድ እፍኝ አፈር ዘግና አሸተተች፤ አልረገመችኝም።
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደመጣችበት ሄደች።
ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሩምያ፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣
ጎኗ ላይ ውሃ የቋጠረ እሳት ወጣባት፤ እያቃሰተች ታድራለች በእጄ።
ጤና ጣቢያ ሄድን፣ ነጭ ቅባት ሰጡን በትንሽዬ ቱቦ፣
ቀን ያስታግሳታል፤ ሲመሽ ይመለሳል እንደ ጅብ ከብቦ።
ባለቤቴ ኢፍቱ ገጀራውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።
"ሂድና ለምናት" አለች።

ባትሪዬን አጥፍቼ ከደጇ ቆምኩ።
"የሚያድናትን ቅጠል" አልኳት፣ "እኔው ነኝ ያጠፋሁት።"
ዝም አለች። በረንዳዋ ላይ አንገታቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች፣
አሥራ አራት ቆጠርኩ፤ በየውስጣቸው ቡቃያዎች፤
የእኔው ድንበር ነበረ፣ ሥር በሥር የተሰደደ።
"እንዴት አወቅሽ?" አልኳት።
"ድንበር ይጠባል" አለች፣ "ጫት ሲወደድ።
ይህን ለማወቅ መድኃኒተኛ መሆን አያሻም።
አሁን ፊትህን አዙር።"

አዞርኩ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲላወስ ሰማሁ፣
ሽታው መጣ፤ ጠዋት ጠዋት ስረግጠው የኖርኩትን አወቅሁ።
"ሦስት ሌሊት ቀቢያት በላት ለኢፍቱ፤
የጤና ጣቢያውንም ቅባት አትተዉ።"
ብር አወጣሁ። እጄን መለሰችው።
"ዋጋው ክንድ ተኩል ነው።"

ሩምያ እንቅልፍ ወሰዳት። ቁስሏ ሲደርቅ
አዴ ሐሊሞ መጥታ የቅጠሉን ስም በጆሮዋ ነገረቻት።
እኔም "ማነው ስሙ?" ብዬ አባበልኳት፣ ከረሜላ ገዛሁላት፤
"ገጀራ ላለው አይነገርም" አለችኝ፣
ከረሜላውን እያላመጠች።

ሁለት ረድፍ ጫት ነቀልኩ። የጀሪካኖቹ ስደተኞች ተመለሱ፣
ዝናብ አገኙ፣ ሥር ያዙ።
ጎረቤቴ ያልፋል፣ "አረምህ በዛ" ይለኛል።
እውነቱን ነው፣ በዝቷል።
ከአሥራ አራቱ ልጄን ያስተኛት የትኛው እንደሆነ አላውቅም።
ስለማላውቅ
አንዱንም አልነካም።