ኖራ

ዐሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣
እኅቴ እንጉዳይ ከካይሮ መጥታ፣
ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ማለዳ ተነሥታ፣
«ግንቡን አሳየኝ» አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

«የትኛውን?» አልኳት።
«አጥሩን ተደግፌ ቆሎ የሸጥኩበት፣
የሰው አገር ሰው ሲገባ ሲወጣ የቆጠርኩበት፣
እኔ ግን አንድም ቀን በበሩ ያላለፍኩበት።»

እውነቷን ነው። ዕድሜ ልካችንን ጎረቤት ነን ለንጉሥ፤
ጥላው ማታ ማታ ጓሯችን ድረስ ሲገሠግሥ፣
ሳይረጥብ እያልን ልብስ ከገመድ እንለቅማለን እንጂ፣
«እንዴት አመሸህ» ብለነው አናውቅም፣ እንደ ወዳጅ።

ትኬት ቆራጩ አስረስ፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ ዐወቃት፤
«ዝም ብለሽ ግቢ» አላት።
እምቢ አለች። ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታች፣
ድፍን መቶዋን ዘረጋች፤
«የፈርዖንን ከፍዬ ነው ያየሁ፣
የፋሲልን በምልጃ ልየው?»

ገባን። ኅዳር ነው። ሣሩ ቢጫ፣
በአንዱ ግንብ ጎን የባሕር ዛፍ መወጣጫ፤
ጠጋኞቹ ለቁርስ ወርደዋል፣
አንድ ባልዲ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።
እኔ መምህር ነኝና፣ ሱስ ነው፣ ጀመርኩ፤
ማን ማንን ተክቶ እንደ ነገሠ፣ የቱ እልፍኝ የማን እንደ ነበር ዘረዘርኩ።
እሷ አትሰማኝም። ደረጃውን በእርምጃዋ ትለካለች፤
«ይህን ሁሉ ማን ይጠርገው ነበር?» አለች።

ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ያኔ ነው ወጉን ያወጣችልኝ።
«የመጀመሪያው ሌሊት ከቧንቧው ጠጣሁ፣ እስኪበቃኝ፤
ከጣና የወረደ ነው ብዬ፣
ያገሬ ነው ብዬ።
ሦስት ቀን ሆዴን ቆረጠኝ።
ውኃም ሰው አገር ሲኖር ይከፋል ለካ።

«ፒራሚዱን በዕረፍት ቀኔ አየሁት፤ አንገቴን አሞኝ ተውኩት።
ተራራ ነው፤ ተራራ እኛም አለን፣ ማን ይገረማል?
ሙዚየሙ ውስጥ ግን፣ ከመስታወት ሥር፣ ዳቦ ተቀምጧል።
ዳቦ! ደርቆ፣ ድንጋይ መስሎ፣ ሺህ ዓመት ዐልፎበት፣
አንዲቱ ጣቷን ጫን አድርጋ፣ እሳት ሳይነካው በፊት፣
ሊጡ መድረሱን ያየችበት
ጉድጓዱ አለበት።
እኔም እንደዚያው ነበር የማደርግ፣ በየማለዳው፣ ለእመቤቴ።
ቆሜ ቀረሁ፤ ዘበኛው ‹ያላ› ቢለኝም፣ አልታዘዝ አለኝ ጉልበቴ።»

ተነሣች ይህን ብላ። ግድግዳ ግድግዳውን፣
እንደ ዕውር እየዳበሰች ዞረችው ጓዳ ጓዳውን፤
ከመስኮት ሥር፣ ፀሐይ በማታገኘው ጥግ ቆመች፤
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ና እስቲ» አለች።
አራት ጣት። ከልስኑ ላይ። እርጥብ ሳለ የተጎተተ፣
ትንሽ እጅ ነው፤ የሴት ወይ የልጅ፣ ወደ ዳር የሳተ።
«ምንድን ነው ይኼ?» አለችኝ።
«ኖራ ነው» አልኳት።
«ማን ኖራ?»

ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የፈጀሁ ሰው፣ መልስ አጣሁ፤
ቁራ ጣራው ላይ ጮኸ፣ እሱን አየሁ።

ጣቶቿን ከጣቶቹ ቦይ አስገባች። ሦስቱ ልክ ሆኑ።
ትንሿ ጣት፣ በሰው ቤት በረኪና ያበጠች፣
እምቢ አለች፤ ከውጭ ቀረች።
«አይነካም!» አለ ከታች የጥበቃው ሰው፣ ከፉጨት ጋር።
እጇን መለሰች፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ትቢያ ነበር።

አልጠረገችውም። መንገድ ላይ ጋሼ ውባለም፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣
«ስንት ዓመት ኖራ መጣች?» አለኝ፣ እሷን ትቶ።
ጣቶቿን አየች።
እኔ መለስኩላት፣ በቁጥር።

ማታ ጥላው እንደ ልማዱ ጓሯችን ደረሰ።
ነጠላዋ ገመዱ ላይ ነበር፣ ገና ያልደረቀ፤
ልለቅም ስወጣ፣ «ተወው» አለችኝ፣ አንገቷን ሳታቀና፤
«ይንካው እስቲ ትንሽ። ስንት ዘመን ደጅ ጠና።»