አሥር እርምጃ

በወር ሁለት ዓርብ ብቻ ነው የኔ ቀን።
ራይ ገበያ በር ላይ አውቶቡሱ ሲያራግፈን
ሉባባ ቀድማ ወርዳ ሻሿን ታጠብቃለች፣
«የወደድሽውን እንዳታዪ፣ ዓይንሽ ያስበላሻል» ትላለች፤
«ከጠላሽው ጀምሪ፣ በጠላሽው ተከራከሪ፣
ከዚያ ዘወር በዪና አሥር እርምጃ ቁጠሪ፤
ሳትጨርሺ ይጠራሻል።
ካልጠራሽ የነገረሽ ቁርጡን ነው፣ እግርሽ ወደ ቤት ያደርስሻል።»

ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ኩዌት ያወለቀችው ሁሉ!
ባለቤት የሞተባቸው ወንበሮች እንግዳ ይጠብቃሉ፤
ጣሪያ የለመደ የመስታወት መብራት መሬት ላይ ተንጋሎ
ፀሐይ ይጠጣል፣ ያን ሁሉ ጣት ዘርግቶ ጥሎ።
አንድ እግር ጫማ የያዘ ነጋዴ፣ «ጓደኛው ቤት ነው» ይላል፤
የኳስ ይሁን የግመል ሩጫ ያልለየለት ዋንጫ
አፉን ከፍቶ አቧራ ይቀበላል።

በወዲያኛው ረድፍ ወፎች፤ በቀቀን፣ ርግብ፣ ሮዝ የተቀባ ጫጩት፤
«ቀለሙ ሲለቅ ዶሮ ነው» ትላለች ሉባባ፣ ይዟት ሳቅ በድንገት።
ከቅርጫት ሥር አውራ ዶሮ ይጮሃል፣ በቀትር፤ የሚሰማው የለም፤
እዚህ አገር ንጋትን የሚያውጀው ስልክ እንጂ አውራ ዶሮ አይደለም።

ያየሁት ሙኒር ምንጣፍ ላይ ነው፤
በተፈቱ ስልኮችና በተጠላለፈ ሽቦ መሐል፣
ግራጫ ራዲዮ፣ አንቴናው ከአንገቱ የተሰበረ፣
መስታወቱ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ የቀረ።

ነጥቧን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።
የጥፍር ቀለም ነው፤ ማዳም እንዳታገኝብኝ
ፍራሽ ውስጥ የደበቅኩት፤ ለጥፍሬ ሳይሆን ለዚህ ያለቀ።
ኡም ፋላህ ዓይኗ ሲደክም፣ ሌሊት ጣቢያው ሲጠፋባት፣
ቁርአን የሚቀራበትን በጣቷ ዳብሳ እንድታገኝ
ጠብታውን ደራርቤ፣ አድርቄ፣ አሳበጥኩላት።
«ቀዩን ነካሁት» ትለኝ ነበር።
ቀይ መሆኑን በኔ አምና እንጂ አይታው አልነበረም።

ስድስት ዓመት ከአልጋዋ ግርጌ ተኛሁ።
ስትሞት ልጆቿ ቤቱን ሸጡ፣
እኔን ለአክስታቸው ሰጡ።
ራዲዮው የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም፤
ዕቃ ስለ ዕቃ አይጠይቅም።

«ስንት ነው?» አልኩ፣ የሩዝ ማብሰያውን እያየሁ።
«ሁለት ዲናር።» «ያኛውስ፣ ያ ሳጥን?» «አንድ።»
«አይሠራም።» «ይሠራል።» «እስቲ ክፈተው።»
ባትሪ ከኪሱ አውጥቶ አስገባ፤ አዞረው፣ ነካካው፤ ዝም።
እኔ አውቀዋለሁ፤ ግራ ጉንጩን ካልመቱት አይናገርም።
ዝም አልኩ።
እኔና ራዲዮው አብረን ዝም አልን።
«ሩብ» አልኩት። «ሦስት ሩብ።» «ሩብ።» «ሂጂ በቃ።»

ዘወር አልኩ። አንድ። ሁለት። የሕፃን አልጋ። አራት።
ምንጣፍ የሚያራግፍ ሰው፤ ስድስት፣ አቧራ ውስጥ።
ስምንት። ዘጠኝ። የሙሽራ ቀሚስ በመስቀያ።
አሥር።

አሥራ አንድ።

ጀርባዬን የጠራ ማንም የለም።
አሥራ አራት ላይ ዞር ብዬ አየሁ፤ አንድ ሽማግሌ
ወደ ምንጣፉ ጎንበስ ብሎ እጁን ሲሰድ።
ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም።

ሙሉ ዲናር ሰጠሁት፤ መልስ ሳልጠብቅ።
ሙኒር ብሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፣ ቀጥሎ እኔን፤
«ዘመድሽ ነው?» አለ።
የሱን ባትሪዎች አውጥቶ ኪሱ ከተተ፣ ራዲዮውን አቀበለኝ።

ሉባባ እስከ መንገዱ ድረስ ሳቀችብኝ፤
«ለተሰበረ ዕቃ! ያስተማርኩሽ የት ገባ?»
ጉንጩን አልመታሁትም፤ እሱ ማታ ነው፣ በር ሲዘጋ።

ባትሪውን ግን በሩ ላይ፣ ከአንድ ጎረምሳ፣
«ሁለት መቶ ፊልስ» ሲለኝ በመቶ ሃምሳ ገዛሁ።
ስድስተኛው እርምጃ ላይ ጠራኝ።