አንድ ለሺህ

ጥር ነው። ካዛንላክ ቧንቧው ውሃ ነስቶ፣
ዘይቱ ከብልቃጡ እንደ ሞራ ረግቶ።
መዳፌ ውስጥ ይዤ አሞቀዋለሁ፣
እንደ ወፍ እንቁላል አቅፈዋለሁ፤
ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣
አንድ ጆንያ ሙሉ ንጋት ጣቴ መሀል ይገላበጣል።

ሥራዬ ማሽተት ነው፤ ደመወዜ ላፍንጫ፣
ነጭ ካባ፣ ሚዛን፣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ።
ሽንኩርት አልቀምስም ከእሑድ እስከ ዓርብ፣
ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይደርስብኝ ከቅርብ።

መጀመሪያ ንጹሑን። ሳይበረዝ፣ እንዳለ።
ሰው ይመስለዋል፣ "ከዚህ በላይ ጽጌረዳ የት አለ?"
ውሸት ነው።
ንጹሑ ጽጌረዳ አይሸትም።
ቁንዶ በርበሬ ነው፣ የረጠበ ብረት፣
የፈረስ ድርቆሽ ነው፣ ሰም ነው፣ የመዳብ ምሬት፤
አፍንጫን በቡጢ፣ ግንባርን በመዶሻ፣
መግቢያ በር የለው፣ የለው መሸሻ።

ስቶይና እንዲህ ነበረች።
እኅቴ።
አንድ አልጋ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ፤
የነቃችው ታጠልቀዋለች፣ ሌላዋ ትቀራለች ስታማ።
በግንቦት፣ ሌሊት ባሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ዘይቱን ሳትሰርቅ፣
እሷ ሁለተኛ ጆንያ፣ እኔ ገና እሾህ ከጣቴ ሳላርቅ።
ትስቅብኛለች። ትቆጣኛለች። ፀጉሬን ትጎነጉነኛለች።
በሕልሜ እንኳ መጥታ፣ "ራይና፣ ቀጥ በይ" ትለኛለች።
እወዳት ነበር?
እንጃ። አፍንጫዬ ሥር ነበረች።

አልኮል ጨመርኩ። አሥር ለመቶ።
አበባው ብቅ አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፤
ቀይ ልብስ ለብሶ ሠርግ ቤት የገባ፣ አኩራፊ፣
ወንበር ሳይሰጡት የሚቀመጥ፣ ሰው ገፊ።
ፔንቾ አለቃዬ ይሄን ይወዳል፤ "ፓሪስ ይገዛል" ይላል፣
እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ፣ ጽፎ፣ ይስላል።
አሥር ለመቶ ለኛ፣ እሷ ያገባችበት ዓመት ነው፤
እሷ ማዶ መንደር፣ እኔ ከተማ፤ እሑድ ብቻ የምንገናኘው።
ሩዝ በጎመን ቅጠል ትጠቀልላለች፣
"ከሳሽ" ትለኛለች፤ ሳልጠግብ ትደግመኛለች።

ከዚያ አባታችን ሞተ።
ሃያ ሁለት መስመር ጽጌረዳ።
በሃያ ሁለት መስመር እኅቱን ማን ይጎዳል፣ ማንስ ይከዳ?
እኔ። ድርሻዬን ሸጥኩት፣ ለአንድ የሱፍ አበባ ገበሬ፤
ቁጥቋጦው በትራክተር ሲነቀል አላየሁም፤
እዚሁ ነበርኩ፣ ጠብታ ቆጥሬ።
እሷ አየች።
ዘጠኝ ዓመት።

አንድ ለሺህ።
ወረቀቱን አራግቤ፣ ጥቂት ጠብቄ፣
ወደ ፊቴ አስጠጋሁት ትንፋሼን ደብቄ።
መጣ።
ማንም ያልጠራው፣ በጓሮ በር የሚገባ፣
ጤዛው ያልረገፈ፣ ስሙን የማያውቅ አበባ፤
ሎሚ ነገር፣ ማር ነገር፣ የታጠበ አንሶላ፣
ፀሐይ ሳትወጣ በፊት፣ ከጨረቃ በኋላ።
ኬሚስቱ ያውቃታል፦ ከዘይቱ ከሺህ አንድ እንኳ የማትሞላ፣
ሌላው ሁሉ ሲሳሳ ብቻዋን የምትጎላ።
ስሟን ነግሮኝ ነበር። ረሳሁት።

ባለፈው ሳምንት የካርሎቮ አውቶቡስ ሹፌር
ጋዜጣ የተጠቀለለ ማሰሮ ሰጠኝ፤
የጽጌረዳ ማርማላታ። ደብዳቤ የለው፣ ስም የለው።
ልከፍተው ታገልኩ፤ በፎጣ፣ በቢላ ጫፍ፣ በሙቅ ውሃ።
ክዳኑ ንቅንቅ አላለም።
ያን ጊዜ የማን እጅ እንዳጠበቀው አወቅሁ።
መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ያልፍበታል፣
ሮዝ ጥላ ግድግዳው ላይ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል።

የመጨረሻው፦ አንድ ለአሥር ሺህ።
ፔንቾ አሸተተ፤ "ባዶ ነው" አለ፣ "ወረቀት ነው፣ አልኮል"፤
መብራቱን አጥፍቶ ሄደ፣ ደረጃውን ሲቆጥር ይሰማኛል።
እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ።
መዝገቡ ላይ፣ በባዶው ሣጥን፣
"አለ" ብዬ ጻፍኩ።

ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ረግቷል።
እጄን ከኪሴ አወጣሁ።